በር ላይ የሚቆሙት ቆራጭ

የጋሽ ሚሊ በሽታ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይታወቅ የኖረው ቁርጥ ጠባያቸውን ስለሚመስል ነው። ሌላ ሰው ላይ ቢወጣ ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት «ይሄ ሰው ምን ነካው?» እንባባል ነበር። እሳቸው ላይ ሲወጣ ግን «ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት ኩራት ይዘው መጡ?» ተባብለን ወደ ሥራችን ተመለስን። እኔም ከተባባሉት አንዱ ነኝና እዚህ የምስቀው በእሳቸው ብቻ አይደለም።

ሙያቸውን ሳላነሣ ነውራቸውን ብዘረዝር ግን ግፍ ይሆንብኛል። ጋሽ ሚሊ የስፌት ቤታችን ቆራጭ ነበሩ። ለማያውቅ ሰው ቆራጭና ሰፊ አንድ ይመስሉታል። ሰፊ ቢሳሳት ይተረትረዋል፤ ቆራጭ ከተሳሳተ ግን ጨርቁ እዚያው አለቀለት። ስለዚህ እኛ ሰፊዎቹ ስንስቅ እንውላለን፣ ቆራጭ አይስቅም። ጋሽ ሚሊ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ጨርቅ አላበላሹም። ይህን የማውቀው በየሳምንቱ ስለሚነግሩን ነው።

ጠረጴዛቸው በመስኮቱ ሥር ነው፤ ሁለት አልጋ ቢገጣጠም ያህላል። በላዩ ጠመኔያቸው፣ ሜትራቸውና ከካርቶን የተቆረጡ የልክ ናሙናዎች ተደርድረዋል። ከግድግዳው ምስማር ላይ ደግሞ ትልቁ ጥቁር መቀስ ተሰቅሏል። ያን መቀስ ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካም። አንድ ቀን ካውያዋ ክር ልትበጥስበት ብድግ ብታደርገው፣ ጋሽ ሚሊ ተቀብለዋት እጀታውን በአልኮል ወለወሉት። ካውያዋ የምንላት ልብስ ተኳሿን ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ከእንፋሎት ጋር ስትታገል የኖረች፣ ምላሷም እንደ ሥራ ዕቃዋ የሚፋጅ ሴት ናት።

«ምነው ጋሼ፣ እጄ ላይ በሽታ አዩብኝ እንዴ?» አለቻቸው።

«በሽታማ መድኃኒት አለው፤ ለተኳሽ እጅ ምን መድኃኒት አለ?» አሏት።

«ሚሊ» የሚለውን ስም ያወጣንላቸው በሚሊ ሜትር ስለሚምሉ ነው። ኮሌታ አይተው «ሁለት ሚሊ ወጥተሃል» ይላሉ። የሰው ሠርግ ሄደው ይመጡና «ሙሽራዋ ከሙሽራው ሦስት ሴንቲ ከአራት ሚሊ ትረዝማለች» ይላሉ። የሚለኩት በዓይናቸው ብቻ ነው። እሳቸው ምሳ ሲወጡ እኛ በሜትር እንፈትሻለን፤ ልክ ሆኖ እናገኘውና እንናደዳለን።

የሚያምኑትም የሚለካውን ብቻ ነበር። እኔ የቁልፍ ቀዳዳ በሚያወጣው መኪና ላይ ነው የምሠራው፤ ጠዋት ከመጀመሬ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ ሁለት ቃል እላለሁ። ይህን አይተው «ጸሎተኛው» አሉኝ፤ ስሙም ጸደቀልኝ።

«ጸሎተኛው፣ ቀዳዳው ጠሞ ሲሄድ መልአክ ነው የሚያቃናልህ?»

«አይ ጋሼ፣ ያኔማ እርስዎ ይጮኻሉ፣ እኔም አቃናለሁ።»

«እንግዲያው ወደ እኔ ጸልይ!»

ሳቁ። ሲስቁ ከአፋቸው በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበራቸውም፤ ያኔ ግን ቢያንስ አፋቸው ይስቅ ነበር።

መጀመሪያ የጠፋው እሱ ነው። ፊታቸው ቀስ በቀስ እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ልሙጥ ሆነ። ቀልድ ሲነገር አይፈታም፣ ሲያናድዷቸው አይኮሳተርም፤ ዓይናቸው እንኳ እንደ ሰው ቶሎ ቶሎ አይርገበገብም። «ጄኔራል ሆኑ» አልን። ከዚያ ሲራመዱ ቀኝ ክንዳቸው መወዛወዙን ተወና ጎናቸው ላይ ተለጥፎ ቀረ። «ጄኔራሉ ሰይፍ ታጥቀዋል» አልን። ድምፃቸው እያነሰ ሄዶ ለመስማት ጎንበስ ማለት ግድ ሆነብን። «እንድንሰግድላቸው ነው» አልን። የልክ ወረቀቱ ላይ የሚጽፉት ቁጥር ከመስመር ወደ መስመር እየደቀቀ መጨረሻው ጉንዳን የሄደበት መሰለ። «ልካቸውን እንዳንሰርቃቸው ነው» አልን። አንድ ቀን ካውያዋ ከአሠሪያችን ጋር ስትጨቃጨቅ ሱሪ አሳረረች። ቤቱ በጭስ ታፍኖ ሁላችንም ስንስል፣ ጋሽ ሚሊ አጠገቧ ቆመው ምንም አልሸተታቸውም። «የእኛ ነገር አይሸታቸውም» አልን።

እንዲህ እያልን ለእያንዳንዱ ምልክት ትርጓሜ ሰጠን። የትኛውም ሐኪም ቤት እንደኛ ፈጣን አይደለም።

ከሁሉ የሚብሰው የበሩ ነገር ነው። ወደ ሥራ ክፍላችን የሚያስገባው በር ጠባብ ነው። ጋሽ ሚሊ ኮሪደሩን ደህና ይመጡና በሩ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ። አይገቡም፣ አይመለሱም፤ ዝም ብለው ፊት ለፊታቸውን ያያሉ። በመጀመሪያው ቀን እኛም ዝም ብለን አየናቸው። በሁለተኛው ቀን አንዱ ሰፊ ጨነቀውና ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ኖር!» አለ።

«በእግዜር» አሉ ጋሽ ሚሊ፤ ገቡም።

በቃ፣ ነገሩ ተገለጠልን። ሰውየው ካልተነሣንላቸው አይገቡም! ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ አንድ ሰው፣ አንዳንዱ ስፒል በከንፈሩ እንደያዘ፣ ጠዋት፣ ከምሳ በኋላና ከሽንት ቤት ሲመለሱ ብድግ እያልን «ኖር!» እንል ጀመር። ብዙ ጊዜ ይሠራል። የማይሠራበት ቀንም ነበር፤ ያኔ ካውያዋ ታጉረመርማለች።

«ዛሬ ቁመታችን አነሰባቸው መሰለኝ። ወንበር ላይ እንውጣ?»

አንድ ነገር ልመስክርላቸው፤ ተነሡልኝ ብለው አያውቁም። ተቀመጡ ብለውም ግን አያውቁም። እግሩ ወለሉ ላይ ተጣብቆበት ምን እንደነካው ሳያውቅ የቆመ ሰው፣ አሥራ አንድ ሰው ብድግ ቢልለት ምን ይላል? እሳቸው ክብር ነው ብለው ተቀበሉት።

ሥራው ግን ክብር አያውቅም። በአንድ ቀን ይቆርጡት የነበረው ሦስት ቀን ይፈጅባቸው ጀመር። መቀሱን ከፍተው እስኪጀምሩ ይቆያሉ፤ ከጀመሩም በኋላ ንክሻው እያጠረ እያጠረ ይሄዳል። ስፌት ቤቱን ከአባቷ የወረሰችው አሠሪያችን ክፉ ሴት አይደለችም፤ ነገር ግን ቀን ትቆጥራለች። ከሆስፒታል ሰባ ጋዋን ታዘዘ። ሁለት ሳምንት አልፎ ሃያው እንኳ አልተቆረጠም። ጠረጴዛው አጠገብ መጣች፤ ሁላችንም መኪናችንን አቆምን።

«ጋሼ፣ ጋዋኑ እስኪያልቅ እርስዎ ይቁረጡ። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛውን ለሌላ ቆራጭ እሰጣለሁ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መቁረጫም አዝዣለሁ። እርስዎ ቤትዎ ይረፉ። አባቴም ቢኖር እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

«አባትሽ ቢኖር ቤት የሚያሳርፈው አንቺን ነበር» አሉ ጋሽ ሚሊ፤ ድምፃቸው ግን አልወጣም።

«ምን አሉኝ?»

«እሺ ብለዋል!» አለች ካውያዋ ጮክ ብላ።

በማግስቱ ጠዋት ሠላሳ የጋዋን ኪስ ተቆርጦ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ ተገኘ። ጋሽ ሚሊ አንዱን አነሡ፣ አገላበጡ።

«ማነው የቆረጠው?»

«መልአክ» አለች ካውያዋ ከእንፋሎቷ ውስጥ። የራሷ ትንሽ መቀስ ከሽርጧ ኪስ ብቅ ብሎ ይታያል።

ሜትራቸውን አወጡ። በዓይናቸው ሳያምኑ በሜትር ሲለኩ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። መቶ ሠላሳ ሚሊ፤ ሌላውም መቶ ሠላሳ፤ ሌላውም። ሜትሩን ጠቅልለው ምንም አላሉም። ምንም አለማለት በእሳቸው ቤት ሽልማት ነው። ማታ ከሥራ ሲወጡ ግን ትልቁን መቀስ ከምስማሩ አውርደው በጨርቅ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘውት ሄዱ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከስፌት ቤቱ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ጠዋት ይዘውት ይመጣሉ፣ ማታ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ሰው መቀሱን ሊቀማቸው የመጣ ይመስል ዘብ ቆሙ።

ጋዋኑ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከሆስፒታሉ ሰዎች ልካቸውን ሊሞክሩ መጡ። ከመካከላቸው አንዷ አጠር ያለች የነርቭ ሐኪም ነበረች። እጅጌው ረዝሞባት እስኪያጥር ድረስ እኔ ዘንድ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ጋሽ ሚሊ ከምሳ መጡና በሩ ላይ ቆሙ። እኛ እንደ ልማዳችን ብድግ አልን።

«ኖር!»

ሐኪሟ ደንግጣ አብራን ተነሣች። ጋሽ ሚሊ አልገቡም። «ኖር» የማይሠራበት ቀን ነበር።

«ለምንድን ነው የተነሣነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እንዲገቡ ነው። ካልተነሣንላቸው አይገቡም።»

«እንዲህ ማድረግ ከጀመራችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?»

«ዓመት ከመንፈቅ ይሆነናል።»

አየችኝ። እንዲህ ያለ አስተያየት የማስታውሰው ከትምህርት ቤት ነው፤ ያልገባኝን ገብቶኛል ብዬ እጄን ካወጣሁበት ቀን። ከቁረጣው ጠረጴዛ ላይ ጠመኔ አነሣች። ካውያዋ «ኧረ!» ብላ አፏን ያዘች። ሐኪሟ ወደ በሩ ሄዳ ከጋሽ ሚሊ ጫማ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ወፍራም ነጭ መስመር አሠመረች። አንድ እርምጃ አለፍ ብላ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ።

«ጋሼ፣ መስመሩን ይሻገሩት።»

ተሻገሩት። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም። እንደ ሰልፈኛ እግራቸውን እያነሡ ጠረጴዛቸው ድረስ መጡ። እኛ አሁንም ቆመናል፤ መቀመጡ አሳፈረን።

ጋሽ ሚሊ ዘወር ብለው ወለሉን አዩ።

«ጠመኔዬን መሬት ላይ? ያውም ጠማማ! ከግራ ወደ ቀኝ ስድስት ሚሊ ወርዷል!»

«ይቅርታ ጋሼ» አለች። «ነገ ክሊኒኬ ይምጡና ማቅናት ያስተምሩኝ።»

ሄዱ፤ ሚስታቸው እየጎተቷቸው። ሚስታቸው ከማንም ሰው ጋር የማይጣሉ፣ ትርፍ ጠባቸውን ሁሉ ለባላቸው የሚያስቀምጡ ሴት ናቸው። እኔንም «አንተ መጽሐፍ ታነባለህ፣ ሐኪሟ የምትለው ይገባሃል» ብለው አስከተሉኝ። እውነቱን ለመናገር ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት አውቶቡስ ላይ ተሳፍሬ ነው፤ ነገር ግን እንደ ምሁር ተቆጥሬ ስለማላውቅ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ሐኪሟ አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸውን ቶሎ ቶሎ እንዲያጋጩ አዘዘች፣ አስጻፈቻቸው፣ አስኬደቻቸው፣ ክንዳቸውን እያጠፈች ዘረጋች። ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ አራት ነጥብ ስትሰጥ ጋሽ ሚሊ አንገታቸውን አስግገው ወረቀቷን አዩ።

«አራት ብቻ? ሰውን የሚያህል ነገር በአራት ነጥብ ትለኪዋለሽ? እኔ ለአንድ ኪስ መቶ ሠላሳ ሚሊ አለኝ!»

«እኛ ገና ነን ጋሼ። ሜትራችን ወፍራም ነው።»

ከዚያ ነገረቻቸው። ፓርኪንሰን ይባላል። በአእምሮ ጥልቅ ቦታ ዶፓሚን የሚባል ነገር የሚያመነጩ ሴሎች አሉ። ዶፓሚን ራሱ ክንድ አያነሣም፤ ክንድ የሚያነሣው ጡንቻ ነው። ነገር ግን እንቅስቃሴ በጊዜው እንዲጀመር፣ በልኩ እንዲሰፋ፣ መሐል ላይ እንዳይጠፋ የሚያደርገው መልእክት ያለ ዶፓሚን ይደክማል። የእሳቸው ሴሎች ቀስ በቀስ እየሞቱ ነው። ምልክቱ ለዓይን እስኪታይ ድረስ ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አልቋል። ለምን እንደሚሞቱ ገና በቅጡ አልታወቀም።

«እኔ እኮ አልንቀጠቀጥም» አሉ ጋሽ ሚሊ።

«ሁሉም ሰው አይንቀጠቀጥም።»

«ታዲያ እጄ ጤነኛ ነዋ!»

«እጅዎ ጤነኛ ነው። ጨርቁም አለ፣ መቀሱም አለ፣ ሙያውም አለ። ‹ቁረጥ› የሚለው ትእዛዝ ነው በሰዓቱ የማይደርስዎት። ትናንት መስመሩ ትእዛዙን በዓይንዎ በኩል ስላደረሰልዎት ተራመዱ።»

«እኔን ማንም አዞኝ አያውቅም።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞክሬያለሁ፤ እውነታቸውን ነው» አሉ ሚስታቸው።

ሐኪሟ አእምሮ ወደ ዶፓሚን የሚለውጠው መድኃኒት እንዳለ ነገረቻቸው። የሚሞቱትን ሴሎች አያቆምም፤ እጅና እግርን ግን ያፍታታል።

«ስንት ሰው ይወስደዋል?»

«በዓለም ላይ? በሚሊዮን የሚቆጠር።»

«እንግዲያው ለእኔ አይሆንም» አሉ። ጋሽ ሚሊ በሕይወታቸው በጅምላ የተሰፋ ሸሚዝ ለብሰው አያውቁም፤ አሁን በጅምላ የተሠራ መድኃኒት ሊውጡ!

መለመኑ እንደማያዋጣ ሲገባት ሌላ ነገር አነሣች። ሆስፒታሉ መድኃኒት ገና ባልጀመሩ ሕመምተኞች ላይ አዲስ እንክብል እየሞከረ ነበር፤ ለስድስት ወር። ግማሾቹ አዲሱን ይወስዳሉ፤ ግማሾቹ መልኩ አንድ የሆነ፣ ውስጡ ምንም የሌለበት ባዶ እንክብል። ማን የትኛውን እንደሚወስድ እሷም አታውቅም። በፈለጉ ሰዓት ትተው ነባሩን መድኃኒት መጀመር ይችላሉ። ይህን ሦስት ጊዜ አስረዳቻቸው፤ በወረቀትም ሰጠቻቸው። ወረቀቱ አናቱ ላይ «የምርምር ተሳታፊ» ይላል። ጋሽ ሚሊ «ምርምር» የሚለውን አነበቡ፤ የቀረውን ለሚስታቸው ተዉት።

በማግስቱ ስፌት ቤት ገብተው «ከሆስፒታሉ ጋር ምርምር ጀምሬያለሁ» አሉን። አሠሪያችን የሐኪሟን ደብዳቤ አንብባ ለስለስ አለች። ያዘዘችው የኤሌክትሪክ መቁረጫ ከነካርቶኑ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

«ስድስት ወር» አለች። «ጥናቱ ሲያልቅ ውጤቱን ይዘውልኝ ይምጡ፤ የጠረጴዛው ነገር ያኔ ይለይለታል።»

አራተኛው ሳምንት ላይ ጋሽ ሚሊ በሩን ሳይቆሙ አለፉት። እኛ በልማድ ግማሽ ተነሥተን ነበር፤ ወገባችን እንደታጠፈ አየር ላይ ቀረን።

«ተቀመጡ፤ ምን ሆናችኋል?» አሉ።

እጃቸው ተፈታ። መቀሱ እንደ ድሮው ረጅም ረጅሙን መንከስ ጀመረ። ድምፃቸውና ፊታቸው ባይመለሱም፣ በየወሩ ሐኪሟ ስትለካቸው ነጥባቸው በርግጥ ይሻሻል ነበር። እኔ በበኩሌ አመሰገንኩ፤ በየትኛው በኩል መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። እሳቸው ግን ማን እንደሚመሰገን ያውቁ ነበር።

«አየህ ጸሎተኛው? ሳይንስ ይሄ ነው። ብታምንበትም ባታምንበትም ይሠራል። ሚስቴ ለእንክብሉ ትጸልያለች፤ እንክብል ጆሮ የለውም አልኳት።»

በዚህም ቢበቃቸው ደግ ነበር። በሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል አብረዋቸው የሚቀመጡትን ሕመምተኞች ከሁለት ከፈሏቸው፤ ያልተሻላቸውን «ባዶዎቹ» አሏቸው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እግራቸውን እየጎተቱ ሲያልፉ ጋሽ ሚሊ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ይሄ ባዶው የደረሰው ነው፤ ከኮቱ ያስታውቃል። ምስኪን፣ አየር እየዋጠ!» አሉ። ሚስታቸው ክንዳቸውን ቆነጠጧቸው። መቆንጠጡ በደንብ ስለተሰማቸው መድኃኒቱ እየሠራ ለመሆኑ ማስረጃ አድርገው ለሐኪሟ ነገሯት።

ስድስት ወሩ አለቀ። እሳቸው ከመጨረሻዎቹ ተሳታፊዎች ነበሩና ማን ምን እንደወሰደ የሚናገረው ዝርዝር ብዙም ሳይቆይ ተከፈተ። ተጠራን። ሚስታቸው በስተቀኝ፣ እኔ በስተግራ ተቀመጥን።

«ጋሼ» አለች ሐኪሟ፣ «የእርስዎ ባዶው ነበር።»

ፊታቸው ምንም አላሳየም። ለዚህ ቀን እንኳ በሽታው ጠቀማቸው።

«ተሳስተሻል» አሉ። «ልኩን እንደገና ውሰጂ።»

«አልተሳሳትኩም። ነጥብዎ የተሻሻለውም ውሸት አይደለም፤ በእጄ ለክቼዋለሁ። ከዚህ በፊት ተመራማሪዎች በአእምሮ ምስል አይተውታል። ይሻለኛል ብሎ ከልቡ የሚጠብቅ ሰው፣ አእምሮው ከቀሩት ሴሎች የራሱን ዶፓሚን ይለቃል። ችግሩ፣ እንዲህ ያለው መሻሻል አይዘልቅም፤ የሞተውንም አይመልስም። ነባሩን መድኃኒት ቢጀምሩ ይሻልዎታል።»

«አዲሱስ እንክብል?» አልኳት እኔ።

ሐኪሟ ብዕሯን ከፍታ ዘጋች። «ከባዶው አልበለጠም። እኩል ወጡ።»

ለዚያ ጥናት ስንት ወረቀት እንደተጻፈ፣ ስንት ሰው ስንት ጊዜ ጣቱን እንዳጋጨ አየሁና አዘንኩላት። እንደማይሠራ ማወቅም እውቀት ነው ብዬ ልናገር አሰብኩ፤ ጋሽ ሚሊ ቀደሙኝ።

«እኩል ወጣሁ ማለት ነው» አሉ። «እነሱ በመድኃኒት፣ እኔ በባዶ እጄ።»

ሚስታቸው ሳቁ። መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ከዚያ በአፋቸው፣ ከዚያ ቦርሳቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው። ጋሽ ሚሊ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጸሎተኛው፣ አንዲት ቃል ብትተነፍስ!»

«ምንም አላልኩም ጋሼ።»

«ስታስብ ሰምቼሃለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት አሠሪያችን ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች። የመቁረጫው ካርቶን ተከፍቷል። የውጤቱን ወሬ ከሚስታቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሳቸው «ተሻለኝ፣ መድኃኒቱ ሠርቷል» ቢሉ ኖሮ ማንም አያጋልጣቸውም ነበር። በብብታቸው መቀሱን ይዘው በኮሪደሩ መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

አንዱ ሰፊ ሊነሣ ሲል ካውያዋ ትከሻውን ተጭና አስቀመጠችው። ማንም አልተነሣም፣ ማንም «ኖር» አላለም።

«አንቺ ካውያ» አሉ ጋሽ ሚሊ፤ በዚያች ቀጭን ድምፅ።

«አቤት ጋሼ።»

«ጠመኔዬን አንሺ።»

ቤቱ ሁሉ አፉን ከፈተ። ካውያዋ ጠመኔውን አነሣች፣ በሩ ሥር በርከክ ብላ አሠመረች።

«ጠሟል» አሉ ከላይ ሆነው።

«እግርዎን ያንሡ እንጂ እሱን በኋላ ይተቹታል!»

ተሻገሩ። ቀጣዩን፣ ቀጣዩንም። አሠሪያችን ፊት ደርሰው ቆሙ።

«የወሰድኩት ባዶ ነበር» አሉ። «ውስጡ ምንም የለውም። ከነገ ጀምሮ የጅምላውን መድኃኒት እውጣለሁ። ቢሻለኝም እንደ ድሮው መቁረጥ አልችልም። መለካትና ማሥመር ግን ከእኔ የሚበልጥ ካለ ጥሪው። እኔ ላሥምር፣ እሷ ትቁረጥ።»

መቀሱን ከጨርቁ ፈተው ወደ ካውያዋ ዘረጉት።

«እሷ?» አለች አሠሪያችን። «ካውያውንስ ማን ይይዛል?»

«ካውያውን ማንም ይይዘዋል» አለች ካውያዋ። «አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ማንም ነበርኩ።»

አሠሪያችን የተከፈተውን ካርቶን አየች፣ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አየች፣ ወለሉ ላይ ያለውን መስመር አየች። «አንድ ወር» አለች። ካርቶኑን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወጣች።

ካውያዋ መቀሱን ተቀበለች። አልቸኮለችም። ከመስኮቱ ላይ የአልኮሉን ጠርሙስ አወረደች፣ ጨርቅ አረጠበች፣ ጋሽ ሚሊን ፊት ለፊት እያየች እጀታውን ወለወለችው። ጋሽ ሚሊ ፊታቸው አልተንቀሳቀሰም፤ ትከሻቸው ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ተነቀነቀ። ለበሽታው ማዕረግ የምንሰጥ ሰዎች ነንና መንቀጥቀጥ ጀመራቸው አልን። ለካ እየሳቁ ነው።

አንድ ወሩ ካለፈ ቆየ። የወለሉን መስመር ካውያዋ ሰኞ ሰኞ ታድሰዋለች፤ እሳቸውም ሰኞ ሰኞ ስንት ሚሊ እንደጠመመ ይነግሯታል። እንክብላቸውን ከምግብ በፊት በሰዓቱ ይወስዳሉ፤ ዘግይተው የወሰዱ ቀን እጃቸው ራሱ ያጋልጣቸዋል። ለጡረተኛው መምህር ኮታቸውን ያለ ክፍያ አጥብበውላቸዋል፤ ሲሰጧቸው ግን «ይሄን ኮት የሰፋው ሰው ነው ባዶ» ሳይሉ አላለፉም።

ጠዋት እኔ ዓይኔን ስጨፍን፣ እሳቸው ውሃና እንክብላቸውን ይዘው መኪናዬ አጠገብ ይቆማሉ። እስክጨርስ አይውጡም።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ ጋሼ።»

«እንክብሉንም ጨምረሃል?»

«ጨምሬያለሁ።»

«አምኜ እንዳይመስልህ። ምርምር ላይ ነኝ፤ ካንተ ጋር የወሰድኩትን ቀንና ያላንተ የወሰድኩትን ቀን እየመዘገብኩ ነው።»

«ታዲያ ያለ እኔ የወሰዱት ቀን የቱ ነው?»

እንክብሉን ዋጡ፣ ውሃውን ጠጡ፣ ወደ ወለሉ መስመር ዞሩና እግራቸውን አነሡ።

«እሱን ገና አልጀመርኩም» አሉ።